የበጎቹ ካሴት መጨረሻ

ሙሽራ የሌለበት የሠርግ ቪዲዮ መዝግባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መዝግቤያለሁ። ሙሽሪት አለች፣ ሚዜዎች አሉ፣ በዳሱ ጥግ ጠላ የሚቀዳው ሰውዬ እንኳ እስኪሰለች ድረስ ይታያል። ሙሽራው ግን ለመድኃኒት እንኳ የለም።

መሐል ሜዳ ባለው ኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት የቪዲዮ መዝጋቢ ነኝ። ጋሽ ዳኜ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዘመሮ እስከ ቀየት ሠርጉን፣ ንግሡን፣ የገበሬውን ስልጠና ሲቀርጹ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የቆዩ ካሴቶቻቸውን በማዳበሪያ ከረጢት አሸክመው ሰጡን። እኔ ሻጋታውን እጠርጋለሁ፣ በአሮጌው ዴክ እያጫወትኩ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፣ ከዚያ ቦታውን፣ ጊዜውንና የሚታዩትን ሰዎች እመዘግባለሁ። የቆላ ነጋዴ ልጅ ስለሆንኩ የደጋውን ሰው በመልክ አላውቀውም፤ ጋሽ ዳኜ አጠገቤ ተቀምጠው ማን ማን እንደሆነ ይነግሩኛል። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ጥቁር ክር ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ ሰው ድንገት ተነስቶ ሲስቅ ማየት፣ ወላሂ፣ እንቅልፍ ይነሳል።

በዚያ የሠርግ ካሴት ላይ ግን ተናደድኩ። «ጋሽ ዳኜ፣ ሙሽራው የት አለ?» አልኳቸው።

ጫማ ጫማቸውን አዩ። «ሙሽራው እኔ ነኝ» አሉ። «ካሜራውን ማን የያዘው ይመስልሻል?»

ሳቄ አመለጠኝ። የገዛ ሠርጉን ሲቀርጽ የዋለ ሙሽራ! በ1990 ዓ.ም. በአካባቢው ሌላ ካሜራ አልነበረም፤ ለሰውም አላምነውም ብለው በካባቸው ላይ ተሸክመውት ዋሉ። ምሳቸውን ይዘው የገቡት ባለቤታቸው እትዬ ጥሩሸዋ ግን አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩት። ሙሽሪት ጥሩሸዋ የአባቷን የአቶ ወልደ አማኑኤልን ጉልበት ስማ ታለቅሳለች፤ ካሴቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

«አየሽ?» አሉኝ። «እኔ ስሜያለሁ። እሱ አልሳመም።»

ነገሩ ይህ ነው። ሙሽራ ሙሽሪትን ይዞ ከመውጣቱ በፊት የአባቷን ጉልበት ስሞ ይመረቃል። ጋሽ ዳኜ ሕዝቡ ሙሽሪትን አጅቦ ሲወጣ ካሴት ልቀይር ብለው ኋላ ቀሩ፤ ያኔ ስሜያለሁ ይላሉ። እትዬ ጥሩሸዋ ተሸፍነው በቅሎ ላይ ስለነበሩ አላዩም፣ ያየም ሰው የለም፣ አባታቸውም መልሱ ሳይደርስ በድንገት አረፉ። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የደረሰ ክፉ ነገር ሁሉ ምክንያቱ አንድ ሆነ። አምና ውርጭ ገብሱን ሲመታው እንኳ ጥፋቱ የካሜራው ነበር።

አሁን ደግሞ የባሰ መጣ። የመጨረሻ ልጃቸው ትሕትና በመጪው እሑድ ታገባለች። እትዬ ጥሩሸዋ ቆርጠዋል፤ ያልተመረቀ አይመርቅምና ልጅቷን የሚመርቃት አጎቷ ነው።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ጋሽ ዳኜ ምሳውን አልነኩትም። «እኔም እኮ እየቆየሁ ተጠራጠርኩ» አሉኝ በቀስታ። «ሰው ሁልጊዜ አላደረግክም ሲለው ያደረገውንም ይረሳል።» አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ተራው የበግ ክትባት ስልጠና ሆነ፤ ባለሙያው ያወራል፣ በጎቹ ይጮኻሉ፣ ግማሹ ላይ ምስሉ ይቆማል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዴኩ አርጅቷልና ባዶውን ክር አታጫውቺ ካሉኝ ቆይተዋል። ለእኔ ግን መጨረሻውን ያላዩት ካሴት አልተመዘገበም። በሩ ላይ ቆመው ያለቀ ነገር ምን ታያለሽ ሲሉኝ፣ ማለቁን ሳላይ አልቋል ብዬ አልጽፍም አልኩ፤ ትንሽ ጮክ ሳልል አልቀረሁም። ኃላፊው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ማያው እንደ ጉም ነጭ ሆኖ ቆየ። እጄ ማቆሚያው ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ዘፈን ሰማሁ። ከሩቅ፣ ከውጭ የሚሰማ የሠርግ ዘፈን።

ምስሉ አግድም መጣ። ካሜራው መደብ ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ በበግ ጸጉር ባና የተሸፈኑ የሽማግሌ ጉልበቶች ይታያሉ። ካባ የለበሰ ጎልማሳ ገባ፣ ተንበረከከ። ከወንበሬ ተነሳሁ። ለማየት አንገቴን አጣምሜ «ዙር፣ ዙር በለኝ» እላለሁ ለማያው። ዞረ። ጸጉሩ ጥቁር ነው እንጂ ራሳቸው ጋሽ ዳኜ! ለካ ያን ለት ከቦርሳቸው መዘው የከተቱት ስልጠናው እስከ ግማሹ የተቀዳበትን ካሴት ኖሯል፤ ካሜራውንም ማጥፋት ረስተው መደብ ላይ አስቀምጠውታል። ስልኬን አንስቼ ሁለቱንም አሁኑኑ ኑ አልኳቸው።

እትዬ ጥሩሸዋ እያለከለኩ ገቡ። ምስሉን አዙሬ አቃንቼዋለሁ። ባላቸው አንዱን ጉልበት ሳሙ፤ ሌላውንም ሳሙ። ከዚያ የሽማግሌው እጅ በሙሽራው ራስ ላይ አረፈና ድምፁ መጣ።

«ልጄን ሰጥቼሃለሁ፣ ዳኜ። ወልዳችሁ ሳሙ። እኔ ዛሬን እንዳየሁ አንተም ልጅህን ድረህ እንድትመርቅ ያብቃህ።»

«አሜን» ይላል ሙሽራው።

«በል አሁን ያንን ማሽን ተወውና ሂድ፣ እሷን እያት።»

እትዬ ጥሩሸዋ «መልሺው» አሉኝ። መለስኩት። እንደገና መልሺው አሉ፤ ያኔ የሚሰሙት ስለ ባላቸው እንዳልሆነ ገባኝ። የአባታቸውን ድምፅ ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ አልሰሙትም። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ጋሽ ዳኜ ዞሩ።

«እሑድ ካሜራ ብትነካ!» አሏቸው። «እጅህ ለምርቃት ይፈለጋል።»

እኔ በበጎቹ መዝገብ ላይ፣ ሙሽራ፦ ዳኜ፣ ብዬ ጨመርኩ። ካሜራው ለእሑድ በእኔ ትከሻ ላይ ወደቀ።

እሑድ ትሕትናና ሙሽራዋ ከጋሽ ዳኜ ጉልበት ሥር ተንበረከኩ። ሕዝቡ ምርቃቱን ለመስማት ጸጥ አለ። ጋሽ ዳኜ እጃቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፈቱና ድንገት ገታ አሉ፤ ቀና ብለው በሰዎቹ መሐል እኔን ፈለጉ።

«ኢልሀም፣ ሙሽራው ይታይሻል?»

«ይታየኛል፣ ጋሽ ዳኜ» አልኩ። «እርስዎም ይታዩኛል።»

ያኔ መረቁ።