አሥር ሰከንድ የሚሠራ ማራገቢያ

አክስቴ ከንጋት ጀምሮ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኗ አጠገብ ተቀምጣ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ ቋ ታደርጋለች። ሲበራ ማራገቢያው አሥር ሰከንድ ይሽከረከርና ቀጥ ይላል፤ አጥፍታ ታበራዋለች። ውስጡ ሁለት መቶ እንቁላል አለ፤ ለመፈልፈል ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል። አየሩ ካልተዘዋወረ ከላይ ያሉት ይቀቀላሉ፣ ከታች ያሉት ይበርዳቸዋል።

«እጄ ዛለ እኮ!» አለችኝ። «ሰውዬውን ጥሪልኝ።»

ማሽኑን የሠራው ኢንጂነር ሁለት አዳዲስ ማራገቢያ በፌስታል ይዞ መጣ። አንዱን ገጠመ፤ አሥር ሰከንድ። ሌላውን ገጠመ፤ አሥር ሰከንድ።

«ዕቃው ነው የማይረባው» አለ።

«ሦስቱም ተማክረው ነው?» አልኩት።

ገላመጠኝ። «እህቴ፣ የት ነው የተማርሽው?»

«ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ የተጣለ ሰርኪት እየፈታሁ። ትናንት መጥተህ ምን ነካካህ?»

«ሴንሰሩን ብቻ ነው የቀየርኩት። ሙቀቱን ደግሞ ልክ ያነባል፤ ይኸው ሠላሳ ሰባት።»

«ኮዱን አሳየኝ።»

«አሳያት እንጂ የኔ ጌታ፣ አትበላብህም!» አለችው አክስቴ። ላፕቶፑን ከፈተ።

በየአሥር ሰከንዱ ሙቀት የምታነበው መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ። አዲሱ ሴንሰር የባለሁለት ባይት ቁጥር ጠቋሚ፣ ማለትም ያነበበውን የሚያስቀምጥበት ቦታ አድራሻ፣ ይፈልጋል፤ የተሰጠው የባለአንድ ባይት ነው። ፊቱ ላይ ዓይነቱን በግድ የሚያስለውጥ ቅንፍ ተደንቅሯል።

«ይሄን ቅንፍ ማን ጨመረው?»

«ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር የጠቋሚው ዓይነት አይጣጣምም እያለ ሲነዘንዘኝ አፉን አስያዝኩት። ማስጠንቀቂያ እንጂ ስህተት አይደለም።»

«ጎሽ! እውነቱን የነገረህን አፉን አስያዝክና ማራገቢያውን ወነጀልክ።»

ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ሣልኩለት፦ አንዱ የሙቀት፣ ቀጥሎ ያለው ዜሮ ሲገባበት የሚጠፋው የማራገቢያው። «ባለአንድ አልጋ ክፍል ሁለት እንግዳ ላክህበት። ሠላሳ ሰባት አልጋው ላይ ተጋደመ፤ ተከትሎት የመጣው ሁለተኛው ባይት፣ ዜሮ፣ ቦታ ሲያጣ ጎረቤት ዘልቆ መብራት አጠፋ።»

«ይሄማ እኔም ገባኝ!» አክስቴ በሳቅ ፈነዳች።

ኢንጂነሩ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየና ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋው። አልተከራከረም፤ ይህቺን አልነፍገውም። ቅንፉን አጠፋሁት፤ ኮምፓይለሩ ወዲያው ጮኸ። የሙቀቱን ክፍል ባለሁለት ባይት አደረግሁት፤ ዝም አለ፤ አሁን የሚለው አጥቶ ነው።

ኮዱን ማሽኑ ላይ ጫንነው። አክስቴ ጮክ ብላ ቆጠረች። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ሠላሳ ስትደርስ ቆጠራውን ትታ ትከሻዬን በጥፊ ትመታው ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ በጫጩት ጫጫታ ተናወጠ። ኢንጂነሩ ሊያይ መጥቶ በሩ ላይ እንደተገተረ፣ «ግባና ዝጋው እንጂ፣ ይበርዳቸዋል!» ብላ አክስቴ አፈጠጠችበት። እኔ ጫጩት ቆጣሪ ተደርጌያለሁ። መቶ ስልሳ ስድስት ላይ ስደርስ ተተረማመሱብኝ፤ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።