የእማማ ሥርጉት መገነዣ

እማማ ሥርጉት ሳጥኑን ለሦስተኛ ጊዜ ዘረገፉት። የጥምቀት ቀሚሳቸው አለ፤ የሟቹ ልጃቸው ፎቶ አለ፤ የቤቱ ካርታ በላስቲክ እንደተጠቀለለ አለ። አቡጀዲው ግን የለም። ቁልቢ ድረስ ወስደው ጸበል ያስረጩት፣ የብል መድኃኒት ጣል አድርገውበት ዘጠኝ ዓመት ያስቀመጡት የገዛ ራሳቸው መገነዣ የለም።

«ሌባስ ቢሆን ይሄን ምን ያደርግለታል?» አሉ ብቻቸውን።

ጎረቤታቸው ዐዚዛ ከጊደር መጋላ ሸምታ ስትመለስ ድምፃቸውን ሰምታ ብቅ አለች።

«ምን ጠፋብዎ እማማ?»

«መገነዣዬ!»

«ነጭ ጨርቅ ነው? ወላሂ፣ ጠዋት ኤልሳዕ ነጭ ነገር በፌስታል ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ‹ለቀረጻ ነው› አለኝ። ሐኪም ጋራ ሥር አይደል ዛሬ የሚሠሩት?»

እማማ ሥርጉት የሳጥኑን ክዳን ለቀቁት። ትናንት ማታ የልጅ ልጃቸው ኤልሳዕ እራቱን እየበላ፣ «ነገ እሞታለሁ እማዬ» ብሏቸው ነበር፤ እየሳቀ። አታሟርት ብለው ትከሻውን መትተውታል።

«ዛሬ እኮ ነው የሚሞተው!»

«አስተግፊሩላህ! በቴሌቪዥን ማለትዎ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አሉና ጫማቸውን እንኳ በደንብ ሳያጠልቁ ወጡ።

ሸዋ በር ላይ ሚኒባሶቹ መንገዱን ዘግተውታል። የያዙት ባጃጅ አልንቀሳቀስ አለ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየት፣ አየት አደረጋቸው።

«እማማ፣ የኤልሳዕ አያት አይደሉ እንዴ? ኧረ ያ ክፉ ሰውዬ መቼ ነው የሚሞትልን? እናቴ እሱን ባየች ቁጥር ደም ግፊቷ ይነሣል።»

«አፍህን ያዘው!»

«በድራማው የሚጫወተውን እኮ ነው እማማ!»

«ድራማውንም ቢሆን! ንዳ!»

ኤልሳዕን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አባቱ ለሥራ ብሎ በድሬዳዋ መንገድ እንደወጣ መኪና ተገልብጦበት ቀረ። ልጁ በቀበሌው የወጣቶች ክበብ ድራማ ሲጀምር ደስ አላቸው፤ አዲስ አበባ ሄዶ ተዋናይ እሆናለሁ ሲል ግን ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ከሄደ አሁን አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ሰሞኑን የመጣው ለዚህ ቀረጻ ነው። እሳቸው ዛሬም ስልክ በጠራ ቁጥር ይደነግጣሉ።

ቀረጻው ወደሚካሄድበት ግቢ ሲደርሱ በሩ ላይ የቆመ ጎረምሳ «ጸጥታ! ጸጥታ!» እያለ ሊያስቆማቸው ሞከረ። በክንዱ ሥር አልፈውት ገቡ። ኤልሳዕ ክፍሉ መሃል አልጋ ላይ ተዘርግቷል። አቡጀዲው እስከ አገጩ ወጥቷል። ሦስት ሴቶች ከበውት ያለቅሳሉ።

«ተነሥ!» ብለው ጮኹ።

«ካት!» አለ ዳይሬክተሩ ሳህሉ። «ማነው ሰው ያስገባው?»

ኤልሳዕ ከነጨርቁ ተቀመጠ። ፊቱ በሜካፕ አመድ መስሏል። «እማዬ? ምን ሆንሽ?»

«ምንድነው የለበስከው?»

«አንሶላ። ከሳጥንሽ ነው። የእነሱ ጨርቅ ካሜራ ላይ ቢጫ ሆነብንና…»

«አንሶላ? መገነዣዬን? ለኔ የተቀመጠውን አንተ ለበስከው?»

ከአልቃሾቹ አንዷ አማተበች። ሳህሉ ኮፍያውን አወለቀ።

«እማማ፣ በጣም ይቅርታ። ሌላ እንዳንፈልግ ግማሹን በዚሁ ቀርጸነዋል፤ ሌላ ጨርቅ ከጠዋቱ ጋር አይገጥምም። ቤቱን ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ እናስረክባለን።»

«እንግዲያስ ሳይገነዝ ይሙታ!»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቁን በሳል ለወጠው። ኤልሳዕ ግን አልሳቀም። አቡጀዲውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እጃቸውን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው።

«እማዬ፣ ‹ጌታዬ፣ መኪናው ቀርቧል› እያልኩ ስንት ዓመት እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ጎረቤት ሰብስበሽ ስትጠብቂ ያቺንም ቆርጠው ያወጧት ነበር። በስንት ጊዜ ይሄ ክፉ ሰውዬ ደረሰኝ፤ ዛሬ ደግሞ ከድራማው ስንብቴ ነው። በስልክ ‹ሞተ› ተብሎ ሊታለፍ ነበር፤ ለምኜ ነው ይሄን ያስጻፍኩት። ይሄን ደህና አድርጌ ከሠራሁ ሌላ ሰው ያየኛል። ካበላሸሁት ማንም አይጠራኝም።»

«አባትህንም ለሥራው ብዬ ነው የሸኘሁት።»

ኤልሳዕ ዝቅ ብሎ አያቸው።

«እግሬ ካሜራ ውስጥ አይገባም። እግርጌ ተቀምጠሽ ያዥኝ። ስትፈሪ ቆንጥጪኝ፤ አውራ ጣቴን አንቀሳቅስልሻለሁ።»

እማማ ሥርጉት አፍንጫቸውን ጠረጉ። «እንደ ሬሳ ጣትህ አይታሰርም?»

«አይታሰርም።»

ሲመለሱ ሳህሉ ዝቅተኛ በርጩማ ራሱ አምጥቶ አልጋው ግርጌ አስቀመጠላቸው። «ፊቱን ብቻ ነው የምናነሳው» አለ። «ቅንድቡ እንኳ ከተነቃነቀ ግን አለቀልን። ጀምበሯ አትጠብቀንም።»

ኤልሳዕ ተጋደመ። ጨርቁን እስከ አገጩ ሳቡለት። እማማ ሥርጉት እጃቸውን ከሥር አስገብተው የግራ እግሩን ያዙ።

«ተዘጋጁ… አክሽን!»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። መጀመሪያ የውሸት እንደሆነ ያስታውቅ ነበር፤ እየቆየ ግን አንዷ የራሷ ሰው ትዝ ሳይላት አልቀረም፣ ድምፅዋ ተሰበረ። እማማ ሥርጉት የኤልሳዕን ደረት አዩ። አይነሣም። አይወርድም። ከጠዋት ጀምሮ ባዶውን የዋለው እግሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ከንፈሩ ተከፍቶ ቀርቷል፤ አባቱን ሆስፒታል ሲያሳዩዋቸው እንደዚያው ነበር።

ሁለት ጣታቸው አውራ ጣቱን ጨበጠ። ሊቆነጥጡ ጥፍራቸውን አስጠጉ።

በዚያች ቅጽበት ኤልሳዕን በልጅነቱ በሣፋ ሲያጥቡት ታያቸው። እግሩ ጋ ሲደርሱ ገና ሳይነኩት እንደተኮረኮረ ፊቱ ሁሉ ይጨማደድ ነበር። አድጎም አልተወውም። ቆንጥጪኝ ሲላቸው ይሄን ያውቃል። ያውቃል፤ ሆኖም እግሩን ሰጥቷቸዋል።

ካሜራው ወደ ፊቱ ቀስ እያለ ተጠጋ። ሳህሉ ትንፋሹን ውጦ ትንሿ ስክሪን ላይ አፍጥጧል።

እማማ ሥርጉት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከልጁ እግር ላይ አነሡ። እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አውጥተው ጭናቸው ላይ አደረጉና፣ ደረቱን ደረቱን እያዩ ጠበቁ።