ሁለት ፕሮቲን ብቻ

የታላቅ ወንድሟ ውጤት ስክሪኗ ላይ ከተከፈተ ወዲህ ሌላ ሥራ አልነካችም። ሥራዋ አጣሪነት ነው፤ ተመራማሪዎች «እነዚህ ሁለት ፕሮቲኖች ሴል ውስጥ ተጠጋግተው ይኖራሉ» ብለው የሚልኩትን መርምራ፣ ማስረጃ ያለውን ሁሉም ተመራማሪ ወደሚጠቀምበት ዳታቤዝ ታስገባለች፣ የሌለውን ትመልሳለች። የወንድሟን ለሌላ እንዳትሰጥ ሌላ አጣሪ የለም። እንዳትመልስ ደግሞ፣ ውጤቱ ካላለፈ የወንድሟ ላቦራቶሪ ውል አይታደስም፤ ይዘጋል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው።

ውጤቱ ያምራል። ያስጨነቃትም ማማሩ ነው።

ወንድሟ ሳያንኳኳ ገባና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እቱ፣ አጣሪ ነሽ ወይስ አጥር? ይለፍ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ለፕሮግራሙ የሰጠኸው ሁለቱን ፕሮቲኖች ብቻ ነው።»

«የማጠናው እነሱን አይደል? ጎረቤቱን ሁሉ ልጥራለት?»

«መጥራት ነበረብህ።»

አሠራሩን እሱም አያጣውም። ጎረቤታሞቹ ፕሮቲኖች በኬሚካል እርስ በርስ ይታሰራሉ፤ ከዚያ ይቆራረጡና ቁርጥራጩ ይመዘናል። ፕሮግራሙ ክብደቱን ከተሰጠው የፕሮቲን ዝርዝር ጋር እያስተያየ የማን እንደሆነ ይናገራል።

«መንደሩ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ካለ» አለች፣ «የጠፋው ሁሉ በነሱ ይላከካል።»

«እሺ፣ መንደርተኛውን ጥሪዋ!» አለ እየሳቀ።

የሰውን ፕሮቲን በሙሉ፣ ከአቧራና ከእጅ የሚገባውንም ጨምራ ፍለጋውን አስጀመረች። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ክፍሉ ታፈነ፤ መስኮቱ የማይከፈት ዓይነት ነው።

«ኬራቲን» አለች ሲያልቅ። «ቆዳ ነው፣ ጋሼ። ከአንዳችሁ እጅ የረገፈ። የታሰረ ነገር የለም።»

«ጓንት አጥልቁ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ…» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ቀስ ብሎም፣ «ይሄን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን» አለ።

«ዳታቤዙ ውስጥ ከገባ፣ ሌላው አምኖ መድኃኒት ሊሠራበት ይነሳል።»

«ይደርሱበታል።»

«ስንት ዓመት ከለፉ በኋላ?»

ቢቆጣት ይቀላት ነበር። ጫማውን ጫማውን እያየ፣ «እማዬን ምን እላታለሁ?» አለ። «ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።»

ማውሱን ያዘች። ብታሳልፈው ስሕተቱን በየቀኑ ስታየው ልትኖር ነው፤ ብትመልሰው ደግሞ የወንድሟን ፊት። «ይመለስ» የሚለውን ተጫነች። ስክሪኑ ምክንያት ሲጠይቃት፣ «ፍለጋው በሙሉ የፕሮቲን ዝርዝር ይደገም» ብላ ጻፈች። ወንድሟ ከትከሻዋ በላይ አነበበና ወጣ።

ማታ በእግሯ ልትሄድ አስባ ነበር፤ የወንድሟ መኪና ግን በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። የሚኖሩት አንድ ቤት ነው፣ ከእናታቸው ጋር።

«ግቢ» አለ፣ በሩን ከውስጥ ከፍቶላት።

ብዙም ሳይሄዱ መንገዱ ተዘጋጋ። ፊትና ኋላቸው መኪና ብቻ ሆነ።

«ለፕሮግራሙ ሙሉውን ስትሰጪው» አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ከኔ ሁለቱ አንዱስ ብቅ አላለም?»

«አላለም፣ ጋሼ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከኋላቸው አንዱ ጥሩንባ ነፋ፤ እሱም መሪውን ይዞ ጠበቀ፣ መሄጃ አልነበረም።