ከሠርጉ በኋላ የተረፈው ፊልም

"አቁሚው፣ አቁሚው! ይቺ ናት እናቴ!" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ጣቷ ስክሪኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው።

ልጅቷ አላቆመችውም። ያረጀ ካሴት መሃል ላይ ሲቆም ክሩ ሊጣበቅና ሊበጠስ እንደሚችል በዚህ ሱቅ በሠራችባቸው አራት ዓመታት ተምራለች።

"ይለፍ እትዬ። ተገልብጦ ሲያልቅ ከኮምፒውተሩ ላይ እንደፈለጉ እናቆመዋለን" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሥራዋ ይኸው ነው። ሰዎች ከአልጋ ሥርና ከቁም ሳጥን አናት ላይ የከረመ የቪዲዮ ካሴት ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ አቧራውን ጠርጋ፣ ሻጋታውን በጥጥ አጽድታ ወደ ፍላሽ ትገለብጥላቸዋለች። ብዙዎቹ ካሴቱን ሰጥተው ይሄዳሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሠርጓን ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ለብቻዬ ቤት ውስጥ አላይም ብላ ወንበር ስባ ተቀምጣለች።

ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን ሙሽራ ኬክ ለመቁረጥ ከቢላዋው ጋር ይታገላል።

"እሳቸው ናቸው ባለቤትዎ?"

"እሱ ነው። ይህን ቀጭን ልጅ የት ጥዬው እንደመጣሁ እንጃ።"

ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከኬኩ በኋላ የተጀመረው ጭፈራ መሃል ላይ ተቋረጠ። ስክሪኑ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ተንጫጫ፤ ወዲያው አንድ አረንጓዴ የለበሰ ሰው ድልድይ ጫፍ ላይ ቆሞ ታየ። ከአፍንጫው እስከ አገጩ በጭንብል ተሸፍኗል።

"ወገን፣ ትንፋሽህን ያዝ!" አለ ከድምፅ ማጉያው የወጣ የወንድ ድምፅ። "ቀላቢው መጣ!"

ልጅቷ ዓይኗን ከማውሱ አንስታ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረች።

"ውይ፣ ይሄን ጉድ ደግሞ!" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ባሌ እኮ ሠርጋችንን በፊልም ላይ ነው ያስቀዳው። አዲስ ካሴት ግዛ ብለው፣ 'ካሴት ካሴት ነው' አለኝ። በይ ይህን ቆሻሻ ቁረጪልኝ።"

"ይሄ የሚተረጉመው..." አለች ልጅቷ። "አባቴ ነው።"

"ባለማይኩ? የባለማይኩ ልጅ ነሽ?" ልብስ ሰፊዋ ደረቷን መታች። "ጉዴ ፈላ በይኛ! ካሴቱን ከቪዲዮ ቤት ተከራይተን በዚያው የቀረንበት ነው። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ፊልም የሚያየው በሱ አፍ ነበር። አክተሩም እሱ፣ ወንበዴውም እሱ፣ የምታለቅሰዋ ሴትም እሱ። አሁንስ ደህና ነው?"

"ስትሮክ መቶት ስምንት ወሩ ነው። እግሩ እየተሻለው ነው፤ ንግግሩ ግን..."

"እኔን! ያ አፍ?"

ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ዝም አላለችም። ስትሮክ ስለመታው አጎቷ፣ ስለ አንድ ጎበዝ ሐኪም፣ ስለ ባሏ የደም ግፊት ስታወራ ቀሪዋ አሥራ አንድ ደቂቃ አለፈች። ልጅቷ "እ" እና "አዎ" እያለች በአንድ ጆሮዋ ከስክሪኑ ለመስማት ሞከረች፤ የያዘችው ግን ቁርጥራጭ ብቻ ነው። "ያዛት"። "አይዞሽ"። የሚስቅ ሰው።

ካሴቱ ሲያልቅ ሠርጉን ለብቻ ቆርጣ ፍላሹን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠች። የተረፈውን ግን አላጠፋችውም።

"እትዬ..."

"ምን ልጄ?"

"ይህችን መጨረሻዋን፣ ካልከፋዎት... ማለቴ ለርስዎ ካልጠቀመች..."

"ይህን ለማለት ነው እንዲህ የምትቅለሰለሺው? ውሰጂ እንጂ! የሰው ዕቃ ሃያ ሁለት ዓመት ይዤ የተቀመጥኩት እኔ፣ የምታፍሪው አንቺ!"

*

ቀላቢውን መጀመሪያ ያወቀችው በሥዕል መጽሔት ነበር። ከፎቅ የሚወድቅ ሰው፣ ከድልድይ የሚንሸራተት አውቶቡስ፣ ምንም ነገር መሬት ሳይነካ በእጁ የሚቀልብ ጀግና ነው። ታሪኩ በእውነተኛ ሰው ተሠርቶ በፊልም መጣ ሲባል የሰፈሩ ልጆች ለሁለት ተከፈሉ፤ ሰው እንደ ሥዕል ሊዘል አይችልም ያሉና ይችላል ያሉ። እሷ ስድስት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። ከሁሉም ቀድማ ያየችውም እሷ ናት።

አባቷ የሚተረጉመው ከቪዲዮ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ዴክ፣ በሹራብ የተጠቀለለ አንድ ማይክ። ፊልሙ በአንዱ ዴክ ሲሄድ ሁለተኛው የአባቷን ድምፅ ጨምሮ ይቀዳል። መሃል ላይ ማቆም የለም፤ ከተሳሳተም በስህተቱ ላይ ሌላ ነገር ጨምሮ ይቀጥላል። እሷ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ውሃ ታቀብለዋለች። እንዳታስል ተነግሯት ስለነበር ሳል ሲመጣባት ጉልበቷን ትነክስ ነበር።

በፊልሙ መጨረሻ ቀላቢው ወደ ወንዝ የምትወድቅ አንዲት ትንሽ ልጅ ያድንና ተንበርክኮ ያናግራታል። ምን እንዳላት አታስታውስም። የምታስታውሰው ጠረጴዛው ሥር ሆና ስትሰማ፣ ይህ ሰውዬ ያውቀኛል ብላ ማመኗን ነው። ለብዙ ዓመታት ጨለማ ስትፈራ፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ማንንም በማታውቅበት ማደሪያ ስትተኛ፣ ያን ንግግር ለማስታወስ ትሞክር ነበር፤ ቃሉ ግን አልመጣ አላት።

አባቷ በታመመ በሁለተኛው ወር አባቷ ያልተረጎመውን ዋናውን ፊልም ከኢንተርኔት አውርዳ አየችው። የቀላቢው ልብስ ጉልበቱ ላይ ይጨማደዳል። ሲዘል የተንጠለጠለበት ሽቦ ይታያል። ድልድዩ ከካርቶን የተሠራ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ይህን ሁሉ ይቅር ብላ መጨረሻውን ጠበቀች። ቀላቢው ልጅቷን አውርዶ ተንበረከከ፤ ሙዚቃ መጣ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ አንድም ቃል አልተናገረም። ፊልሙን አገኘችው፤ የናፈቃትን ግን አላገኘችም።

*

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ስትደርስ እናቷ ኩሽና ውስጥ ሾርባ እየቀዳች ነበር።

"ምነው በዚህ ሰዓት? ታመምሽ እንዴ?"

ነገሩን ነገረቻት። እናቷ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ተወችው።

"አታሳይው" አለች።

"እማዬ፣ የንግግር ሐኪሟ እኮ የሚወደውን ነገር አሳዩት፣ አናግሩት ብላለች።"

"እሷ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምታየው። ቀኑን ሙሉ አብሬው የምውለው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት 'ውሃ' ለማለት ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሲጣመምበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የገዛ ድምፁ ያሳፍረዋል እኮ። አሁን ደግሞ ያንን ድምፅ አሰምተሽው፣ ያጣውን ቁጭ ብሎ እንዲቆጥር ነው?"

ልጅቷ ፍላሹን በጣቶቿ መሃል አገላበጠችው።

"እውነቱን ንገሪኝ" አለች እናቷ፣ ድምጿን ቀንሳ። "ለሱ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?"

"ለራሴ።" ወለሉን እያየች ነው የመለሰችው። "ናፈቀኝ፣ እማዬ። አጠገቤ ተቀምጦ ናፈቀኝ።"

እናቷ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። ከዚያ ሾርባውን በሳህን ቀድታ አቀበለቻት።

"እኔንስ መች አልናፈቀኝ" አለች። "ያዢ። መጀመሪያ ይብላ።"

አባቷ መስኮቱ አጠገብ፣ ክንድ ባለው ወንበሩ ላይ ነበር። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሾርባውን ከግማሽ በላይ ሲጨርስ ልጅቷ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች። የምትለውን ነገር መንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር፤ ሲደርስባት ግን ጠፋት።

"አባዬ፣ አንድ ነገር አግኝቼ ነው" አለች ብቻ።

አረንጓዴው ሰው ድልድዩ ላይ ታየ።

"ወገን፣ ትንፋሽህን ያዝ! ቀላቢው መጣ!"

አባቷ መብላቱን አቆመ። ስክሪኑን ሳይሆን ድምፅ ማጉያው ያለበትን ቦታ ነበር የሚያየው፤ ከኋላው ሰው የተደበቀ ይመስል። እናቷ ማንኪያውን ይዛ ከጎኑ ቆማለች። የድሮው ድምፅ ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ወንበዴውን ይሳደባል፣ ለድልድዩም ያዝንለታል። ቀላቢው እየወደቀች ያለችውን ልጅ ሲይዛት "ያዛት! ወገን ያዛት!" ብሎ ራሱ ጠረጴዛ ሲመታ ይሰማል። የአባቷ ከንፈር በግራ በኩል ብቻ ከፍ አለ። ፈገግታ ነበር።

ቀላቢው ተንበረከከ። ሙዚቃው መጣ።

"አይዞሽ" አለ የድሮው ድምፅ፣ አሁን ለስለስ ብሎ። "አይዞሽ የኔ ልጅ። ደክሞሻል አይደል? እዚያ ሥር መቀመጥ ይበርድሻል። አሁን ቤትሽ ግቢ። እጅሽን ታጥበሽ ብዪ። ማሳልም ከፈለግሽ አስዪ፣ ማንም አይቆጣሽም።"

"ይሄንንም አክተሩ ተናገረው በለኛ!" አለች እናቷ፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ።

ልጅቷ ከሃያ ዓመት በላይ የፈለገችው ታላቅ ንግግር ይህ ነበር። ጭንብል ያጠለቀ ሰው አፉ ስለማይታይ፣ አባቷ በዝምታው መሃል ጠረጴዛው ሥር ለነበረችው ልጁ የተናገረው።

"አ... አላለም" አለ አንድ ሌላ ድምፅ።

ሁለቱም ዞሩ። አባቷ ግራ እጁን ወደ ስክሪኑ አንስቷል።

"እሱ... አላለም። እኔ..."

"ቀላቢው አሁን ይሄዳል ወገኖቼ!" አለ የድሮው ድምፅ፣ በላዩ ላይ። አባቷ አፉን ዘጋ። ጠበቀ። እንደገና ሲከፍት ድምፁ እንደገና ቀደመው፤ "ግን የት ነው የሚሄደው? ማንም አያውቅም!" እያለ እንደ ልቡ ይፈሳል። የአባቷ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጭኑ ወረደ። ፊቱ ወደ ግድግዳው መዞር ጀመረ።

እናቷ አየቻት። "ነግሬሽ አልነበር" የሚል ዓይን ነበር።

ገና ሦስት ደቂቃ ይቀራል። ሱቅ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ እያወራች ያመለጣት፣ እስካሁን ያልሰማችው ሦስት ደቂቃ የአባቷ ድምፅ። ልጅቷ ሪሞቱን ከጠረጴዛው አነሳችና ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነሰችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ብቻውን ይሄዳል። ልጅቷ ከወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ አሁን ምን እያለ ነው?"

አባቷ ስክሪኑን አየ፤ እሷን አየ። አፉን ከፈተ። የመጀመሪያው ፊደል ጉሮሮው ውስጥ ተያዘ፤ እናቷ ልታግዘው ጎንበስ ስትል ልጅቷ ቀሚሷን ይዛ አስቆመቻት።

ጠበቁት።