ውርጭ ያላገኛት ችግኝ

«የዛሬዋ ሙሽራ ይህች ናት?» አለ የካሜራ ሱቁ ባለቤት አስማረ።

እንቁ በጥቁር ፕላስቲክ ያለችውን የዲከረንስ ዛፍ ችግኝ የመስታወት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። አጠገቧ የቆመው ታላቅ ወንድሟ ይኸነው እያፈረ ሳቀ። ሁለቱ እንጅባራና ዙሪያዋን እየዞሩ ሰርግ ፎቶ በማንሳት የሚተዳደሩ ናቸው።

ዛሬ የመጡት ለሰርግ አልነበረም። አባታቸው አበረ ጥርባ ሐይቅ አጠገብ የተከሉት ዲከረንስ ለከሰል ሳይደርስ ደርቋል። ችግኙን የሸጡላቸው ጋሽ ባንተአምላክ ውርጭ ነው፣ ሳትሸፍኑት ቀርታችሁ ነው ብለው ምትክ ከለከሉ። ዩኒቨርሲቲ እፅዋት ሳይንስ የተማረችው እንቁ ግን ቅጠሉ ላይ ያለው ቀይ ዱቄት ስንዴ ላይ እንደሚወጣው ዋግ መሆኑን አውቃለች። ሳይተከሉ ጣሪያ ሥር የቀሩት ችግኞች ላይም ወጥቷል፤ እዚያ ውርጭ አይደርስም። ዛሬ ይዛ የመጣችው ከእነሱ አንዷን ነው። በቀበሌው ስብሰባ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ ስታሳይ ጋሽ ባንተአምላክ ስልኩን አርቀው ያዙና፣ «የመንገድ አቧራ ነው ልጄ፤ እጠቢው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። የቀበሌው ኮሚቴ ስለ ምትኩ የሚወስነው ነገ በሚደረገው ስብሰባ ነው።

አስማረ ትንሽ ነገር አጉልተው የሚያነሱ፣ ያገለገሉ ሁለት ማክሮ ሌንሶች አወጣ፤ አንዱ ስድሳ ሚሊ ሜትር፣ ሌላው መቶ። አጭሩን አሞገሰላት፤ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ይሻላል። ካሜራዋ ላይ ገጠመችውና ችግኟን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች። ቅጠሉ ጎልቶ እንዲታይ አራት ጣት እስኪቀራት መጠጋት ነበረባት፤ ያኔ የራሷ ጥላ ቅጠሉን ሸፈነው። ዞራ ሞከረች፤ ያው ነው።

ረጅሙን ገጠመች። አሁን አንድ ስንዝር ርቃ መቆም ቻለች፤ ብርሃኑም ቅጠሉ ላይ ቀረ። ትንፋሿን ይዛ አነሳች። ፎቶውን አጉልታ ስታየው የቅጠሉ ቆዳ እዚህም እዚያም ተቀዷል፤ ቀዩ ዱቄት ከውስጥ ፈንድቶ ወጥቷል። አቧራ ከላይ ይወድቃል እንጂ ከውስጥ አይወጣም።

አስማረ አንገቱን አስግጎ አየ። «እከክ ነው የሚመስለው» አለና ችግኟን የነካበትን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ይኼኛውን» አለች እንቁ።

የያዘችው ብር አልበቃም። አስማረ ሰርግ የምታነሳበትን ሌንስ በለውጥ ከተወችለት እንደሚስማማ ነገራት። ይኸነው ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። ጥር መድረሱን፣ የጥር የመጀመሪያ ሰርጋቸውም የጋሽ ባንተአምላክ ልጅ ሰርግ መሆኑን አስታወሳት።

«አጭሩን ውሰጂ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥላውን ማን ያየዋል?»

«ጋሽ ባንተአምላክ ያያሉ።»

«እንግዲያው ሰርጉ እስኪያልፍ ታገሽ።»

«ስብሰባው ነገ ነው።»

«ከእሳቸው ጋር ተጣልተሽ እዚህ አገር ማን ሰርጉን ይሰጥሻል?»

ይህን እሷም አስባዋለች። የሰርጉን ሌንስ ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። አስማረ ፎቶውን በትልቅ ወረቀት እንዲያትምላት ጠየቀችና ስልኳን አወጣች። ሰው ፊት መደወል አትወድም፤ ዛሬ ግን ወደ ውጭ አልወጣችም።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። እንቁ ነኝ፣ የአበረ ልጅ። ለሰርጉ ሌላ ፎቶ አንሺ ይፈልጉ።»

ጋሽ ባንተአምላክ ደንግጠው፣ ምን ገጠመሽ፣ ሐዘን ደረሰባችሁ እንዴ እያሉ ጠየቁ። ጠይቀው እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ደኅና ነን ጋሼ። ነገ ከስብሰባው እንዳይቀሩ። አንድ ፎቶ አለኝ፤ መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የማሳየው።»