የጀልባዋ ላምባ

"ሂንታኡ! አይሆንም እትዬ!" ዲሪባ የከሰሉን ጆንያ በእግሩ ገፋው። "ጀልባዋ ሬንጅ ተቀብታለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ አንድ ፍንጣሪ ካረፈባት አለቀልን።"

"እንጨትስ?" አለች ፋናዬ።

"ጭሱን ሚሊሻዎቹ ከዳር ሆነው ያዩታል።"

ዲሪባ የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፋናዬ ወደምትኖርበት አሰላ ለገበያ ይወጣል። ለውትድርና አፈሳው የተጧጧፈ ሰሞን የፋናዬን አንድ ልጅ፣ ኃይለመስቀልን፣ በሐይቁ ደንገል መካከል በቆመች ጀልባው ውስጥ ከደበቀው ሁለት ወሩ ነው። ለቀበሌው "ወርቅ ቁፋሮ ሄዷል" ተብሏል። ልጁ መሬት አይረግጥም። እሳት ስለሌለው ዓሣውን በጥሬው እየበላ ሆዱ ተበላሽቶ፣ አሁን ቀና ብሎ መቀመጥ እንኳ አቅቶታል።

"ትኩስ ነገር ካልቀመሰ የሚሰነብት አይመስለኝም" አለ ዲሪባ አንገቱን ደፍቶ። "የላምባ ምድጃ እኔ ጋ አለ። ጭስ የለው፣ ፍንጣሪ የለው። ላምባውን ብቻ ያግኙልኝ። እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቅዎታለሁ።"

ብቻ ይላል እንዴ! የቀበሌው ሱቅ ለአንድ ቤት በወር ሁለት ሊትር ነው የሚሰጠው፤ የፋናዬ ድርሻ ወሩ ሳይጋመስ አልቋል። ተጨማሪ የሚፈቀደው ለሠርግና ለለቅሶ ነው፤ ሠርግ ደግሞ አስቀድሞ ይመዘገባል። ስለዚህ ወደ ሱቁ ስትሄድ ጢቾ የምትኖር እህቷን በአፏ ልትገድል ቆረጠች። እግዜር ይቅር ይበላት እንጂ እህቷን ጉንፋን እንኳ አይደፍራትም።

"ለቅሶ ደርሶብኛል" አለችው የሱቁን ሠራተኛ አሰግድን።

"ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጽናዎት" ብሎ መዝገቡን ገለጠ። "አዲስ መመሪያ መጥቷል እትዬ። ስሙ እዚህ ላይ የሌለ ሰው ከሆነ አንሰጥም። ማነው ያረፈው?"

መዝገቡን ወደ እሷ አዞረላት። በቤቷ ቁጥር ሥር ሁለት ስም ብቻ ነበር፤ የእሷና የልጇ።

በሕይወት ያለን ልጅ ሞተ ማለት ሟርት ነው፤ ሟርትን ደግሞ ፋናዬ አጥብቃ ትፈራለች። ዕድሩም ድንኳን ይተክላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል፤ በሁሉም ፊት ደረቷን መምታት ሊኖርባት ነው። ፈራች፤ አሰግድም እስክትመልስ ይጠብቃል።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ ለበሰችው።

"ኃይለመስቀል ነው" አለች። "ጉድጓድ ተደረመሰበት።"

አሰግድ ክው አለ። እሷ ግን ጄሪካኑን አስጠጋችለት።

"ስሙን ሰርዘውና ቅዳልኝ።"