የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይኖች

የኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሥዕል መማር ከጀመርሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ዓይን ግን አንድም ቀን አላስነኩኝም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ይሁዳና መሰሎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ለእኔ የተሰጠኝ የይሁዳ ወገን ነው። ሰይጣን ስሥል ኖሬ ሰይጣን ልሆን ምንም አልቀረኝ! «መቼ ነው የኔታ?» ስላቸው፣ «ዓይን ለማን እንደሚገባ ስታውቅ» ይሉኛል።

ሠዓሊ ልሁን ያልሁት ግን ለዓይን ብዬ ነው። አባቴ ሲሞት ሕፃን ነበርሁ፤ መልኩ ጠፍቶኝ ዓይኖቹ ብቻ ቀሩኝ። ጣና ዳር እርጥብ አሸዋ ላይ እሥላቸዋለሁ፤ ውሃው ያጠፋቸዋል፤ እንደገና እሥላለሁ።

አንድ ቀን የባሕር ዳሩ የጣሊያን ካፒቴን መልኩን እንድንሥልለት አስጠራን። የኔታ እጃቸውን አሟቸው ነበርና «ሀብተ ሥላሴ፣ አንተ ሣል» አሉኝ። ጉድ ፈላ! ካፒቴኑ ወንበር ላይ ተገትሮ ፊት ለፊት አፈጠጠብኝ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት የመጀመሪያው ሁለት ዓይን ለአገር ወራሪ ሊሆን! በጎን ልሣልህ ብለው ደግሞ፣ ለምን ብሎ ከጠየቀና ከደረሰበት አንገቴ ለገመድ ነው።

አስተርጓሚያችን ለጣሊያኖች ዓሣ እየሸጠ ቋንቋቸውን የለቀመው ሱሌማን ነበር። ድንገት መላ መጣልኝ።

«ሱሌማን፣ የነሱን ሳንቲም ይዘሃል?»

ከወገቡ ፈትቶ ሰጠኝ። ንጉሣቸው በጎን ተቀርጾበታል፤ አንድ ዓይን ብቻ።

«ትልቅ ሰው እንደ ንጉሡ ነው የሚሣል፣ በለው።»

ካፒቴኑ ሳንቲሙን አየ፤ ጢሙን አሻሸ፤ ራሱ ዞሮ አፍንጫውን ወደ ጣና ቀሰረ። የኔታ ሳል ያዛቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም የተማርሁትን ሁሉ አወረድሁት። እንዲህ ያለ ይሁዳ ሥዬ አላውቅም!

«የኔ ዓሣ እንኳ ሁለት ዓይን አለው» አለኝ ሱሌማን ስንወጣ።

ሥዕሉ ቢሮው በራፍ ላይ ተሰቀለ። ከዱርቤቴ በእግር፣ ከደልጊ በታንኳ ለገበያ የመጣ ሁሉ ሊያየው ይጎርፋል፤ አይቶም ሳቁ እንዳይታወቅበት እስከ መሬት ጎንበስ ይላል። ካፒቴኑ ክብር መስሎት በደስታ እጁን ያነሣል።

በሳምንቱ የኔታ ቤተ ክርስቲያን አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ፊት ዓይን ሳይገባበት ይጠብቃል። ብሩሹን ሰጡኝ።

«ለማን እንደማይገባማ አወቅህ። በል፣ አሁን ለሚገባት ሣል።»

ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከርሁት። አባቴ እንዴት ያየኝ እንደነበር አስታወስሁና ጀመርሁ።